መምህር ለማን ያድራል? የዳሞት ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ከየኔታ ደጃፍ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጎ ሽቅብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በቆሎና ዳጉሳ የሚዘራበትን አገር ከኋላው ትቶ፣ ገብስና ድንች ወደሚበቅልበት ብርዳም ደጋ ሲዘልቅ፣ የደጋ ዳሞት ወረዳ ከተማ የሆነችውን ፈረስ ቤትን ያገኛል። እንደ ፈረስ ቤት ባሉ የጎጃም ከተሞች በደኅናው ዘመን ጧት ጧት ሁለት ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው የደወል ድምፅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ በዛፍ ላይ በተንጠለጠለ ያረጀ የመኪና ቸርኬ ላይ ዘበኛው በብረት ሲመታ የሚያሰማው ነው። ሁለቱም ድምፆች ሕፃናትን ወደ ፊደል የጠሩ ናቸው፤ የተጠሩትን ሕፃናት የተቀበላቸው መምህር ግን በሁለቱ ቤቶች ያደረው ለአንድ ጌታ አልነበረም።

«ማደር» የሚለውን ቃል የምወስደው በቀድሞው ትርጉሙ፣ ወታደር ለመኮንኑ፣ ሎሌ ለጌታው ያድር ነበር በምንልበት አኳኋን ነው፤ ይኸውም እንጀራ ከሚሰጠው፣ ትእዛዝ ከሚያወጣለትና ጥፋት በተገኘበት ጊዜ ከሚጠይቀው ጋር ሰው የሚኖረው ትስስር ነው። ዛሬ የመምህራን ሥነ ምግባር መመሪያ፣ የዲሲፕሊን ደንብ፣ የትምህርት ቤት አስተዳደር መመሪያ እየተባለ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ተጠርዞ የሚገኘው ወረቀት ሁሉ፣ ቃሉ ቢበዛም ቢረዝምም፣ በመሠረቱ መምህር ለማን ያድራል የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ የተጻፈ ነው። ይህን ጥያቄ ደግሞ የዳሞት ገበሬ ከወረቀቱ በፊት ያውቀው ነበር።

በቄስ ትምህርት ቤት ደንቡ የተጻፈ አልነበረም፤ ነገር ግን ስላልተጻፈ አልነበረም ማለት አይደለም። የንባብ መምህሩ፣ ልጆች «የኔ ጌታ» የሚለውን ቃል አሳጥረው «የኔታ» የሚሉት አባት፣ ብዙውን ጊዜ በደብሩ አጸድ ሥር ወይም በገዛ ደጁ ተቀምጦ፣ ልጁን ከሀሁ አንሥቶ በአቡጊዳ፣ በመልእክተ ዮሐንስና በወንጌል አሻግሮ፣ ግዕዙን፣ ውርዱንና ቁሙን ንባብ አስጠንቶ እስከ ዳዊት ያደርሰው ነበር። ለዚህ ድካሙ ደመወዝ የሚባል ነገር አልተቆረጠለትም። የደብሩ አገልጋይ እንደ መሆኑ ከቤተ ክርስቲያን መሬት ድርሻ ነበረው፤ ወላጆችም በመኸር ጊዜ እህል ይሰፍሩለት፣ በበዓል ቀን ይጠሩት፣ ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለትም ድግስ ደግሰው እንደየአቅማቸው ስጦታ ያቀርቡለት ነበር። ስለዚህ የኔታ የሚያድረው እንጀራውን ለሚቈርሱለት ለደብሩና ለመንደሩ ሲሆን፣ መንደሩ ሲያየው የሚውል ሰው ስለ ነበረ ቀርቶ የቀረበት፣ ሰክሮ የሰከረበት፣ ተጣልቶም የተጣላበት ቀን ማንም መዝገብ ሳይገልጥ ይታወቅበት ነበር።

ከፍ ባለው ትምህርት ደግሞ ሥርዓቱ ከዚህ የጠነከረ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን የሚነግረን አያስፈልገንም፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ጽላሎ ስማቸው ከየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ የሚስብ የቅኔ ቤቶች ነበሩ፤ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስም እንዲሁ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተምረው ያደጉ ስለ ሆኑ፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን የቅኔ ተማሪ አድርገው መሣላቸው ከልብ ወለድነቱ ይልቅ ወደ ምስክርነት የሚያደላ ነው። በነዚህ ቤቶች ማስተማር የሚፈቀደው ለፈለገ ሰው ሁሉ አልነበረም። ድጓ ለማስተማር የሚሻ ዜመኛ ወደ ቤተ ልሔም ወርዶ፣ በዚያ ካሉት ሊቃውንት ፊት ቀርቦ፣ ያወቀውን አስመዝኖ «ካላስመሰከረ» በቀር መሪጌታ ተብሎ ወንበር ቢዘረጋ ክብር አያገኝም። በዘመናችን የመምህራን የሙያ ብቃት ምዘናና ፈቃድ ተብሎ የመጣው ሥርዓት ከውጭ አገር የተቀዳ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች፣ የቤተ ልሔምን ማስመስከር ቢያስቡት መልካም ነው፤ በዚህች አገር መምህር ያለ ምስክር ወንበር እንዳይዘረጋ የሚከለክለው ሕግ ከሚኒስቴሩ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል።

የጉባኤ ቤቱ ተማሪ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጃፉ ቁራሽ የሚለምነው ቆሎ ተማሪ፣ ከሁሉ የበለጠው ተቆጣጣሪ ነበር። ቅኔ ቆጥሮ፣ ተነግሮ፣ ከአስነጋሪው ጋር ተከራክሮ፣ መምህሩ ምሥጢር ያልዘለቀው ወይም ለተማሪ የማያዝን መስሎ በታየው ጊዜ፣ አቤቱታ ሳይጽፍ አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል። ጉባኤው የተበተነበት መምህር በማንም አልተሻረም፤ ቢሆንም ተሽሯል። ስለ መምህራን ቁጥጥር የተጻፈውን ሁሉ ባነብብ እንዲህ ያለ ቀላልና ጽኑ ሥርዓት ያገኘሁ አይመስለኝም።

ነገር ግን ይህን ሥርዓት አመስግኖ ብቻ ማለፍ በሕፃናቱ ላይ መፍረድ ነው። ቆሎ ተማሪው እግር ነበረው፤ ፊደል ቆጣሪው ሕፃን ግን አልነበረውም። ወላጅ ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ ከዓይኑ በስተቀር ሌላው አካል ሁሉ የእርስዎ ነው በሚል ስሜት ስለ ነበረ፣ አለንጋው በልጁ ጀርባ ላይ በወረደ ጊዜ ይግባኝ የሚባልበት ሸንጎ አልነበረም፤ የሸሸ ልጅም ተይዞ በእግር ብረት የሚታሰርበት ጊዜ ነበር። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ተረት የሀገር ሕግ ሆኖ ኖረ። ያልተጻፈው ደንብ መምህሩን በመንደሩ ፊት ያስጠይቀዋል እንጂ በልጁ ፊት አያስጠይቀውም፤ ሴት ልጅንም፣ ከመኳንንትና ከካህናት ቤት ከተወለዱት ጥቂቶች በቀር፣ ከደጃፉ አያስገባትም። እነዚህ ሁለት ጉድለቶች የተስተካከሉት እጅግ ዘግይተው ነው፤ ያስተካከላቸውም የመንደር ልማድ ሳይሆን ያ ብዙ ሰው የሚሰለቸው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የተወለደው ከዳሞት ርቆ፣ በአዲስ አበባ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ፣ ዘመናዊው ትምህርት ሃይማኖትን ያናጋል የሚለውን የካህናቱን ሥጋት ለማብረድ፣ ከአቡነ ማቴዎስ ጋር በተደረገው ስምምነት መምህራኑ ከግብፅ ኮፕቶች ወገን እንዲሆኑ ተደረገ፤ የመጀመሪያው ኀላፊም ሐና ሳሊብ ነበሩ። ማን ያስተምር የሚለው ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው በዚህ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ላይም ወላጆች ልጆቻቸውን ንባብና ጽሕፈት ሳያስተምሩ ቢቀሩ በገንዘብ እንዲቀጡ፣ የገጠር ደብር አለቆችም ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎታቸው ሌላ የአካባቢያቸውን ልጆች ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምሩ፣ ይህን ቸል ያለም ከሹመቱ እንዲነሣ የሚያዝ ዐዋጅ ወጣ። እኔ ይህን ዐዋጅ የምቆጥረው የገጠር መምህርን ምግባር ለመግዛት መንግሥት ያወጣው የመጀመሪያው ደንብ አድርጌ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ መንግሥቱ አዲስ መምህር ሳይቀጥር አስቀድሞ የነበረውን መምህር ለራሱ ለማሳደር መፈለጉ ነው፤ ደብሩን በደብርነቱ ትቶ አለቃውን ተጠያቂ አደረገው። በ1922 ዓ.ም. የትምህርትና የሥነ ጥበባት ሚኒስቴር ሲቋቋም ብላቴን ጌታ ሣህሌ ጸዳሉ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሥራው ሥር ሳይሰድም የፋሽስት ወረራ መጣ፤ ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ በውጭ አገር ተምረው ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ አለቁ። ይህ ጥፋት ለገጠሩ ትምህርት ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ የታወቀው ከነፃነት በኋላ፣ መምህር ሆኖ የሚላክ ሰው በታጣ ጊዜ ነው።

ነፃነት ወደ አዲስ አበባ የገባው በጎጃም በር ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኦሜድላ ተነሥተው በበላያ በኩል ወደ ቡሬ፣ ከዚያም በደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዙበት መንገድ ዳሞትን ለሁለት የሚከፍለው መንገድ ነበረ፤ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማም ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስሟን የያዘችው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። በዚህ መንገድ ዳር ያሉት ከተሞች፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም፣ ዘመናዊውን ትምህርት ቀድመው ማግኘታቸው፣ ፈረስ ቤትን የመሰሉት በደጋው የተቀመጡት ከተሞች ግን መጠበቃቸው የማይቀር ነበር። መኪና የማይወጣበት አገር ተቆጣጣሪም አይወጣበትም፤ ደመወዝም ይዘገይበታል።

በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር ዐዋጅ ለነገራችን ዋና ነገር ነው። ይህ ዐዋጅ፣ ቁጥሩ 94፣ በመሬት ላይ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማስፋፊያ የሚውል ልዩ ግብር ጥሎ፣ ገንዘቡን የሚያዝበት የትምህርት ቦርድ በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲቋቋም አደረገ። በሌላ አገር የአንድ አካባቢ ሕዝብ ግብር ከፍሎ፣ ቦርድ መርጦ፣ መምህር ቀጥሮ፣ ደንብ ያወጣበታል፤ በአሜሪካን አገር እያንዳንዱ አካባቢ በዚህ መንገድ ትምህርት ቤቱን የራሱ አድርጎ ኖሯል። የእኛም ዐዋጅ በሐሳቡ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ልዩነቱ ገበሬው ግብሩን ከፈለ እንጂ ወንበሩን አለማግኘቱ ነው። ቦርዱ የሹማምንት ቦርድ ነበር፤ መምህሩን የሚመድበውና የሚያዛውረው ሚኒስቴሩ፣ ደንቡን የሚያወጣውም ሚኒስቴሩ ነበር። ቀድሞ በገዛ እጁ እህል ሰፍሮ ለየኔታ ይሰጥ የነበረው ገበሬ፣ አሁን እህሉን ሸጦ ብሩን ለግብር ሰብሳቢ አስረከበ፤ ከዚያ በኋላ ብሩ የት እንደ ደረሰና መምህሩ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

በጎጃም ይህ ነገር ከሌላው ሁሉ አገር ይልቅ የከበደ ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ስለ ርስት ሥርዓት ያጠናው ጥናት፣ በዚህ አገር ርስት ማለት ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቈጥሮ የሚጠይቀው መብት እንጂ በወረቀት የተመዘገበ ቁራሽ መሬት አለመሆኑን በዝርዝር ያሳያል። መሬቱን የለካ፣ የመዘገበና በስም የጻፈ ሹም ለዳሞት ሰው ርስቱን ሊነጥቅ የመጣ ሰው ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህም በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ከሞጣና ከቢቸና ጀምሮ ዳሞትም ውስጥ ጭምር ዐመፅ ተነሣ፤ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ከግዛቱ ተነሡ፤ ቆይቶም ያልተከፈለው የግብር ዕዳ ተማረ። በዚያ ዘመን ካኪ ለብሶ፣ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይዞ፣ ከመንግሥት ደመወዝ እየተቀበለ በገበሬ መንደር የተቀመጠው ወጣት መምህር በገበሬው ዓይን ከየኔታ ወገን ሳይሆን ከግብር ሰብሳቢው ወገን መስሎ እንደሚታይ መገመት አያዳግትም። ጥፋቱ የመምህሩ አልነበረም። ያደረው ለሩቅ ጌታ ስለ ሆነ ነው።

ሩቁም ጌታ ቢሆን የዋዛ አልነበረም። መምህራንን በአገር ውስጥ ለማሠልጠን ከ1930ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተደከመውን ድካም፣ የሐረርና የደብረ ብርሃን ማሠልጠኛ ቤቶችን፣ በ1965 ዓ.ም. ገደማ በባሕር ዳር የተቋቋመውን የመምህራን አካዳሚ ማሰብ ያሻል። ከነዚህ ቤቶች የወጣው መምህር የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ የትምህርት ዕቅድ፣ የተማሪ ስም መጥሪያ መዝገብ ይዞ ነበር የሚመጣው። ዲሬክተሩ የሰንደቅ ዓላማውን ሰልፍ ያሰልፋል፤ የመቅረት መዝገቡን ይይዛል፤ ከሁሉ በላይ ለሚያስፈራው ሱፐርቫይዘር ዘገባ ያዘጋጃል። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያስተዳድር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ከተቋቋመ ወዲህ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥር፣ ዕድገትና ቅጣት በጽሑፍ ሥርዓት መያዝ ጀመረ፤ መምህሩ በሹም ቍጣ ብቻ የሚባረር ሰው መሆኑ ቀስ በቀስ እየቀረ መጣ። ይህን ማቃለል አይገባም። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያስተምሩ የተላኩት ተማሪዎች ሲጨመሩበት፣ የአንድ አውራጃ ከተማ ትምህርት ቤት የብዙ ዓይነት ሰው መሰብሰቢያ ሆነ። ነገር ግን ከነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ለጊዜው የመጡ ናቸው፤ ዝውውር የሚሉት ቃል የመምህሩ የሕይወት ሕግ ሆነ። የኔታ በአንድ ደብር ተወልዶ፣ አስተምሮ፣ ተቀብሯል፤ መምህሩ ግን የሚኖረው የዝውውር ደብዳቤውን እየጠበቀ ነው።

መምህራኑም የራሳቸውን ቃል ፈለጉ። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበራቸው ከጊዜ ወደ ጊዜ ጠንክሮ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ የትምህርት ዘርፍ ክለሳ የተባለው ጥናት የደመወዛቸውንና የሙያቸውን ዕድል የሚያጠብብ መስሎ ስለ ታያቸው፣ በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር ሥራ አቆሙ። አብዮቱን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ ይህ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለ ትምህርት የተጻፈ ጥናት መንግሥት ለመገልበጥ ከረዱት ነገሮች አንዱ መሆኑን የሚያስብ ሰው፣ ይህን ዓይነቱን ወረቀት ዳግመኛ ደረቅ ነው አይለውም።

ደርግ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ትምህርት ቤቱን መዝጋት ነበር፤ ይኸውም ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከመምህራኖቻቸው ጋር፣ ቁጥራቸው 60,000 ያህል የሚሆኑትን፣ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላካቸው። ቀጥሎም አብዮቱ ከፈነዳ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ባወጣው ዐዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ቁጥጥር ሥር እንዲሆኑ አዘዘ። የትምህርት ቤት ኮሚቴ የሚባለው ነገር በገጠሩ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በ1976 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 260ም ይህን ሥርዓት አጠናከረ። ዲሬክተሩ ርእሰ መምህር ተባለ። የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ላይ ተቀምጦ መከረ። ገበሬው ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ያጣው ወንበር የተመለሰለት ይመስል ነበር፤ በእርግጥም በጉልበትና በዕንጨት መዋጮ የቆመው ክፍል ብዙ ነው፤ ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም የትምህርት ቤቱ ተማሪ ለአባቱ ፊደል አስቆጠረ። ይሁንና በዚያው ዘመን መምህሩ ከሁሉ ይልቅ ለፖለቲካው ማደር ነበረበት፤ በቀይ ሽብር ዓመታት ከተገደሉትና ከታሰሩት ውስጥ መምህራን ምን ያህል እንደ ነበሩ ያ ትውልድ ያውቃል። የተጻፈው ደንብ ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ ክፍል ሥርዓት ይናገር እንጂ፣ መምህሩ የሚፈራው ያልተጻፈው ነበር።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የሆነው ነገር ለዘመናችን ሰው ቅርብ ስለ ሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ። መምህራን ከጀማሪ መምህርነት ተነሥተው በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህር፣ በተባባሪ መሪ መምህርነት አልፈው መሪ መምህር እስኪባሉ የሚወጡበት የደረጃ መሰላል ተዘረጋ፤ ለዕድገቱም የሥራ አፈጻጸም ምዘና ተበጀ። በ1994 ዓ.ም. ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድ፣ የትምህርት ሚኒስቴር በዚያው ዓመት የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ የሚባለውን መጽሐፍ አወጣ፤ በዚህም የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ በየትምህርት ቤቱም የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ሥራቸው ተለይቶ ተደነገገ። ይህ ኅብረት በኋላ ተማሪውንም ጨምሮ «ወተመህ» በሚል ምሕጻረ ቃል ተጠራ። ደጋ ዳሞት እንደ ወረዳ የራሱን መምህር የሚቀጥርበት፣ የሚያዛውርበትና የሚቀጣበት ጽሕፈት ቤት በፈረስ ቤት አገኘ። መምህሩ ሲቀጣም ማስጠንቀቂያው፣ የደመወዝ ቅጣቱ፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረጉና ማሰናበቱ ተለይቶ ተጽፏል፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሳይሰማው አይፈረድበትም፤ የተፈረደበትም ይግባኝ ይላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለአንድ ሐረግ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ የሕፃናት ተቋም አካሉን ከሚጎዳና ከጭካኔ ከተሞላ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደነገገ። ለብዙ መቶ ዓመት ከዓይኑ በቀር ሌላው አካሉ የመምህሩ ሆኖ የኖረው ልጅ በዚህ ሐረግ የራሱ ሆነ። እኔ ራሴ በሕፃንነቴ ባልሠራሁት ጥፋት በክፍል ፊት ቆሜ የተገረፍኩበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ያን ጊዜ ያዘንኩት ከሕመሙ ይልቅ ለማን አቤት እንደምል ባለማወቄ ነበር። ኋላም ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤት ውስጥ በሴቶች ልጆች ላይ የሚደርሰውን ጾታዊ ጥቃት ለመከላከል የተዘጋጁት የሥነ ምግባር ደንቦች፣ የጥንቱ ልማድ ከደጃፉ ያላስገባትን ልጅ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ የሚጠብቋት ሆነው መጡ። አርሶ አደሩ ልጁን በመንገድ ጠለፋን ፈርቶ፣ በትምህርት ቤቱም ውስጥ የሚሆነውን ፈርቶ ከቤት ያስቀራት በነበረበት አገር፣ መምህሩ ከተማሪዋ ጋር ላለው ግንኙነት በጽሑፍ ድንበር መበጀቱ ለአባትየውም ለልጅቱም ዋስትና ነው። እንዲህ ያለውን ዋስትና መንደሩ በራሱ ሊሰጣት አልቻለም ነበር።

ሆኖም ወረቀቱ መንደሩን ሳይዝ ብቻውን ሲመጣ እንዴት እንደሚደርቅም አይቻለሁ። በአንዳንድ ቦታ የምዘናው ቅጽ የዓመት መጨረሻ ሥራ ሆኖ፣ ለሁሉም ተመሳሳይ ነጥብ ተሞልቶ፣ ማኅተም ተደርጎበት ፋይል ውስጥ ይገባል። የወላጆች ኅብረት ስብሰባ የጥገና መዋጮ የሚነገርበት ቀን ብቻ ሲሆን፣ ወላጁ በመምህሩ ላይ ያለውን ቅሬታ ይዞ ይመለሳል። መምህሩም በበኩሉ ከገጠሩ ቤት ኪራይና ከኑሮው ውድነት ጋር ሲታገል፣ ደመወዙ በዘገየ ጊዜ ለማን እንደሚናገር አያውቅም፤ ስለ መምህሩ ግዴታ የሚናገረው ገጽ ብዙ ሆኖ ስለ መምህሩ ኑሮ የሚናገረው አንድ አንቀጽ ሲሆን፣ ደንቡን አክብር ማለት ከባድ ነው። ቀድሞ ደብሩ የኔታን ከመሬቱ ያበላ ነበር፤ ግዴታውንም የጠየቀው ካበላ በኋላ ነው። ደንቡ በደህና ሲሠራ ያየሁባቸው ጥቂት ትምህርት ቤቶች ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ርእሰ መምህሩ የአገሩን ሽማግሌ የሚያውቅ፣ በዕድር የሚገኝ፣ መምህሩ ጥፋት ሲገኝበት ወደ ወረዳ ከመጻፉ በፊት በሽማግሌ ፊት የሚያስመክረው ሰው ነው። እንዲህ ባለው ቦታ የተጻፈው ደንብ ካልተጻፈው ላይ ተተክሎ ይቆማል።

አሁን የምጽፈው ነገር የሚያሳዝነኝ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ምክንያት በገጠሩም በከተማውም እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ምዕራብ ጎጃም ከዚህ አላመለጠም። ደመወዙ ከአንድ ወገን የሚመጣ፣ መኖሪያው በሌላው ወገን የሆነ መምህር፣ ቢያስተምርም የሚያስፈራው፣ ባያስተምርም የሚያስጠይቀው መምህር፣ በዚህች አገር የትምህርት ቤት ታሪክ ውስጥ ለማን እንደሚያድር ለማወቅ እንደ አሁኑ የተጨነቀበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ልጆቹም ሁለትና ሦስት ዓመት ተቆጥሮባቸዋል፤ አንደኛ ክፍል ሊገባ ሲጠብቅ የነበረው ልጅ አሁን በግ ጠባቂነቱን ለምዶታል፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረችውን ለባል የሚጠይቋት መጥተዋል።

በየትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ቢሮ ውስጥ የመቅረት መዝገብ የሚባል፣ በሽፋኑ ላይ ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ትልቅ ደብተር አለ። በአንድ ዓምድ የመምህሩ ስም፣ በሌላው የገባበት ሰዓት፣ በሌላው ፊርማው፣ በመጨረሻውም የቀረበት ምክንያት ይጻፍበታል። ቢሮው በተዘጋበት ቦታ ያ ደብተር መጨረሻ የተፈረመበት ቀን ላይ እንደ ቆመ ነው፤ ቸርኬውም በዛፉ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው። ከደብሩ ደጅ ግን፣ የኔታ ባሉበት ሁሉ፣ ልጆች ዛሬም ጧት ጧት ፊደል ይቆጥራሉ።